ለሽጉጥ ዋስ አልሆንም

ፊደል ቆጥሬአለሁ እንጂ ትምህርት ቤት የሚሉትን አላየሁም። ዋስ መሆን ምን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። በኛ አገር ሰውየው ከጠፋ የሚታሰረው ዋሱ ነው።

ወረቀቱን የላከልኝ የክርስትና ልጄ ነው። እኔ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ከሴት ልጄ ጋር እኖራለሁ፤ እሱ ድንበሩን ተሻግሮ አሜሪካኖቹ አገር፣ ባፋሎ ነው። መጀመሪያ ደወለልኝ።

"አባባ፣ እዚህ ትልቁ ፍርድ ቤት ፈርዷል። ሽጉጥ ይዞ መውጣት ለፈለገ ሰው ድሮ የተለየ ምክንያት አምጣ ይሉት ነበር፤ እሱ ቀረ። ስቴቱም ሕጉን እንደገና ጻፈው። አሁን ፈቃድ ለማግኘት ትሬኒንግ መውሰድና ጸባዬን የሚመሰክሩ አራት ሰዎች ማቅረብ ነው። አንዱ እርስዎ ነዎት።"

"ሽጉጥ ምን ያደርግልሃል?"

"ታክሲ እነዳለሁ እኮ! ስንቱን ዓይነት ሰው ነው የምጭነው።"

እውነቱን ነው፤ ባለፈው አንዱ ቢላ አውጥቶበታል።

ወረቀቱ ሲመጣ ልጄ አነበበችልኝ። ይህ ሰው በሌላ ላይ ጉዳት ያደርሳል የሚያሰኝ ነገር ታውቃለህ ወይ ይላል። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት።

አውቃለሁ። ካቻምና ሚስቱን አንገቷን አንቋት በባዶ እግሯ ጎረቤት ገብታለች። ፖሊስ አልተጠራም፤ የተጠራነው እኛ ነን። እኔና እዚሁ ስካርቦሮ የሚኖር አንድ የአገራችን ሰው ሽማግሌ ሆነን በአውቶቡስ ሄድን፣ አስታረቅናቸው። የሰማነውን ለማንም ላንተነፍስ መስቀል ይዘን ማልን። ያን ጊዜ ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

"አልፈርምም፣ ዋስ አልሆንህም" አልኩት ሲደውል።

"ዋስ አይደለም አባባ፣ ሪፈረንስ ነው! ማንም አይይዝዎትም።"

"ስሙን ቀይረህ አታታልለኝ።"

"እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ?"

"አይደለህም። እንዳትሆን ነው።"

ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

በማግስቱ ሚስቱ ደወለች። ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። እሷ እቴ! "በእመቤቴ፣ ይፈርሙለት" ብላ ታለቅሳለች። "እርስዎ እምቢ ሲሉ እኔ ያስከለከልኩት ነው የሚመስለው። ከትናንት ጀምሮ አያናግረኝም።"

እሱ ጋ መልሼ ደወልኩ። "እምቢታው የኔ ነው፤ በሷ እንዳታመካኝ" አልኩት።

"ተዉት አባባ፣ ሌላ ሰው ፈርሞልኛል።"

የፈረመው ያ የስካርቦሮ ሰው ነው። አውቶቡስ ይዤ ቤቱ ሄድኩ።

"አንተ፣ አብረኸኝ አልነበርክም ወይ? አንገቷን አላየህም?"

"ሰዎቹ ታርቀዋል። ሽማግሌ የቀበረውን አይቆፍርም። ደግሞ ምለናል።"

"ምስጢር አላወጣም ካልክ ዝም በል። ምንም አላውቅም ብለህ ፈርም ያለህ ማን ነው?"

ሻይ ላፍላልህ አለኝ። ሳልጠጣ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ለሚስቱ ደወልኩ። "መሐላዬን ላፈርስ ነው፤ ፈቃድ ለሚሰጠው ቢሮ ልናገር ነው። አንቺ ሳታውቂው ግን አላደርገውም" አልኳት። በሩን ዘግታ መጣች።

"እህቴ ጋ ልጆቹን ይዤ ልሂድ። እስከ ሐሙስ ይታገሱኝ" አለች።

ሐሙስ እስኪደርስ ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትኩ። ያ ልጅ ክርስትና ሲነሳ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቼ እንደሆነስ? ከሁለት ዓመት ወዲህ እጁን እንዳላነሳባት ራሷ ነግራኛለች። ይህንንም እነግራቸዋለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሐሙስ ልጄ ለቢሮው ኮል አደረገችልኝ። ስልኩን ሳትሰጠኝ፣ "አባዬ፣ ሹር ነህ? ከዚህ በኋላ አያናግርህም እኮ" አለችኝ።

"አቀብዪኝ" አልኳት።

አስተርጓሚ አገናኙኝ፤ የአገራችን ልጅ ናት። "ሰውየው ምንዎት ነው?" አለችኝ።

"ልጄ ነው።"

"እሺ አባት፣ ምን አደረገ?"

ልጄ ውሃ አቀበለችኝ። ጠጣሁና፣ በባዶ እግሯ ከወጣችበት ቀን ጀምሬ ነገርኳት።