ሳይፈተሽ የገባ ማር

የመቱ ፖሊስ ጣቢያ የእስር ክፍል ሲከፈትልኝ መጀመሪያ ያየሁት የሰዎቹን ዓይን ብቻ ነው። ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። አስተማሪ ነበርኩ፤ የዳሪሙ ጭሰኞችን በባለመሬት ላይ አነሳስተሃል ተብዬ ከማስተምርበት ክፍል ነው የወሰዱኝ። ውስጥ የጠበቁኝም እነዚያው ጭሰኞች ናቸው። በእህል ደግፈዋቸዋል የተባሉ አንድ ሸምገል ያሉ ሙስሊም ነጋዴም ከቡሬ ተይዘው መጥተው ነበር።

መርማሪው ክፍላችን ውስጥ ያወራነውን መልሶ ስለሚነግረን፣ ከመሃላችን ወሬ የሚያቀብል አለ የሚል ጥርጣሬ ከገባን ሰንብቶ ነበር።

ከውጭ የሚመጣልንን ምግብ ዘበኛው በሩ ላይ እያየነው ይፈትሽ ነበር። እንጀራውን ይበታትናል፣ ወጡን በእንጨት ያማስላል። አንድ ቀን እህቴ ከያዮ በወተት ዱቄት ጣሳ ማር ላከችልኝ። ዘበኛው ክዳኑን እንኳ ሳይነካ ሰጠኝና በሩን ዘጋ።

ወሬው ቆመ። ኦሮምኛ እንደምሰማ ስለሚያውቁ በሹክሹክታም አልተነጋገሩም። አንዱ ጭሰኛ ጣሳውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። ዘበኛው ያደላልኝ ወሬ አቀባዩ እኔ ስለሆንኩ መሰላቸው።

ከፈትኩት። ጠቆር ያለ የጫካ ማር ነው፣ በልጅነቴ ጣቴን እየነከርኩ የላስኩት ዓይነት። እነሱ ሲያዩት ሳይ ግን ጥቁረቱ በዛብኝ። ሽታውም ሌላ ሆነብኝ። ዘበኛው ለምን አልፈተሸውም? የላከችው እህቴ መሆኗንስ በምን አውቃለሁ? መርዝ ገብቶበት ቢሆንስ? ደግሞ ጎደል ብሏል፤ እሷ ጎደሎ ዕቃ የምትልክ ሰው አይደለችም። ክዳኑን መልሼ ገጠምኩና ከአጠገቤ ራቅ አደረግኩት።

ነጋዴው ይህን አይተው፣ "መምህር፣ አንተም ፈራኸው?" አሉኝ።

"ፈራሁት፣ ጋሼ።"

"ታዲያ እንጣለዋ።"

መጣሉ ቀላል ነበር። ብጥለው ግን የጠረጠሩኝን ሁሉ አምኜ መቀበሌ መስሎ ታየኝ። ጣሳውን ክፍሉ መሃል አስቀምጬ፣ ሁሉም እያዩኝ በጣቴ እየዛቅኩ በላሁ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም። ቆይተው ነጋዴው ተነሡና አጠገቤ ተቀመጡ፤ "ቢስሚላሂ" ብለው ጣታቸውን ነከሩ። ሌሎቹ አልቀመሱም።

ስፈታ እህቴን ጠየቅኋት። ጣሳውን እስከ አፉ ሞልታ ነበር የላከችው። ለካ ዘበኛው ድርሻውን ቀድሞ ወስዶ፣ እኛ ፊት መክፈቱ አሳፍሮት ኖሯል። ወሬ አቀባዩ ማን እንደነበረ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዓመታት በኋላ ነጋዴውን ቡሬ ሱቃቸው ደጃፍ አግኝቼ የማሩን ነገር አጫወትኳቸው። ፈገግ አሉ።

"ያን ቀን ያመንኩህ መስሎህ ነበር?" አሉኝ። "አላመንኩህም። ሰው ብቻውን ሲበላ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ሆኖብኝ ነው።"

አልተቀየምኳቸውም። የዚያን ቀን ነገር ለሰው ሳወራ "አንድ ሰው አመነኝ" እል ነበር፤ አሁን እንደዚያ አልልም። ሳያምኑኝ አጠገቤ መቀመጣቸው ይበልጥብኛል።