ቀይ ክር ያለበት ድስት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ነፍስ አባቴ ፊት እንኳን ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ ይቺን አንዷን ዋጥ አድርጌ ነው የምነሳው። ስንት ጊዜ ምላሴ ጫፍ ደርሳ ተመልሳለች! አሁን የምነግራችሁ ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው።

ያደግሁት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ነው። አጥር የምንጋራቸው ሐጂ እንድሪስና ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ነበሩ። ሐጂ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም፤ በዓል ሲመጣ ግን አንዳችን ያለ አንዳችን አንውልም። ወግ አለው ታዲያ። እኛ እነሱ ያረዱትን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም። ስለዚህ በፋሲካ እናቴ ለነሱ ብላ የምትገዛውን ዶሮ ሐጂ ራሳቸው ቢስሚላህ ብለው ያርዱታል፤ እሷ ደግሞ ለዚሁ በተለየ ድስት ትሠራዋለች። የድስቱ ጆሮ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ጭልፋውም ቢላዋውም የብቻው ነው። ሐጂ ቀዩን ክር ካዩ በኋላ ሌላ ነገር ጠይቀው አያውቁም።

ያን ዓመት ፋሲካና ረመዷን ተገጣጠሙ። በፋሲካው ማግስት እናቴ እህቴን ልትጠይቅ ኮምቦልቻ ወረደች። እትዬ ዘሀራም ሐርቡ ለቅሶ ስለነበረባቸው በጠዋት በአጥሩ ላይ ጠሩኝ።

«በቀይ ክሩ ድስት ያለ በርበሬ ተቀቅላ የተረፈችውን ዶሮ ለሐጂ ማፍጠሪያ ሾርባ አድርጊላቸው። አማና ነው፣ አደራ፣ ሰማሽ ልጄ? ታውቂያቸው የለ፣ ሾርባ ካልቀመሱ የጾሙም አይመስላቸው።»

«አብሽሩ እትዬ፣ አያስቡ፣ ይሂዱ» አልኳቸው በራሳቸው አነጋገር። ሳቁ።

አብሽሩ ያልኩት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ድስቱን እሳት ላይ የጣድኩትም እኔ ነኝ፤ ስልክ ሲደወል በረንዳ ላይ ወጥቼ ከጓደኛዬ ጋር ወሬ ስሰልቅ የቆየሁትም እኔው። ሽታው ሲደርሰኝ ሥጋው ከሰል ሆኗል።

ለምን ያለ ሥጋ አልሠራሁም? አጃ ነበረኝ፣ ቲማቲም ነበረኝ፣ ድንብላል ነበረኝ። «ሐጂ፣ አሳረርኩት» ብላቸው ስቀው አያልፉም ነበር? ያልፉ ነበር። ግን እናቴ «የሷ እጅ የነካው መቼ ይበረክታል» እያለች ሰፈሩን ታስቅብኝ ነበር። ያንን ሳቅ ፈራሁ። ደግሞ እናቴ ላይ ማላከክ ጀመርኩ? እኔ ነኝ። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

የኛን ዶሮ ወጥ ከፈትኩ፤ በክርስቲያን እጅ የታረደውን። ፈረሰኛውን አወጣሁና በፈላ ውሃ አጠብኩት። በርበሬው አልለቅ አለኝ፤ ደግሜ አጠብኩት። በጣቴ ቦጫጭቄ ሾርባው ውስጥ ጨመርኩት። ያረረውንም ድስት በሽቦ ፍቄ በዚያው ሠራሁ። ሌላ ድስት ጠፍቶ ነው? አይደለም። ሐጂ ቀዩን ክር እንዲያዩት ነው።

ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው አዛን ይጠብቁ ነበር። ድስቱን ከነክሩ ፊታቸው አስቀመጥኩት። ክሩን አዩ፣ ቀና ብለው እኔን አዩ። አሁን ሊጠይቁኝ ነው አልኩ። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር፤ እንደዚያ እያልኩ ነው ስኖር የኖርኩት። አልጠየቁኝም። አዛን ተባለ። ቢስሚላህ ብለው በተምር አፈጠሩና ሾርባውን ፉት አሉ። ሳህኑ ዳር ላይ ያልለቀቀው በርበሬ ቀይ ቅባት ሆኖ ሲንሳፈፍ አየሁ። ቲማቲም ይመስላቸው ይሆን?

«ማሻአላህ! ባለሙያ ነሽ ለካ! ጨምሪልኝ እስቲ» አሉ።

ጨመርኩላቸው። አንዴ ማብላቴ አልበቃኝም፣ ጨመርኩላቸው።

ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። «አላህ እጅሽን ያለምልመው፣ ትዳርሽን ያሳምረው፣ የምትወልጂውን ከክፉ ይጠብቅልሽ» አሉ። አሜን አልኩ። በምን አፌ ነው አሜን ያልኩት?

ከዚያ ወዲህ ያቺን ምርቃት እፈራታለሁ። አገባሁ፣ ወንድ ልጅ ወለድኩ፤ ደህና ነገር በገጠመኝ ቁጥር መቼ ይሆን የሚገለበጥብኝ እላለሁ። ልጄን ሲያተኩሰው መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ሾርባው ነው። እናቴም ምንም ሳታውቅ በየፋሲካው በዚያው ድስት ትሠራላቸው ነበር፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሽንኩርት እልጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሼህ «ሳያውቅ የበላ ወንጀል የለበትም» ሲሉ ሰምቼ ትንሽ ተነፈስኩ። ወዲያው ደግሞ፣ እሳቸው ላይ ከሌለ ማን ላይ ነው ያለው? አልኩና እንደገና ብርድ ብርድ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት የሐጂ ልጅ ደወለችልኝ። ሐጂ ታመው ኮምቦልቻ እሷ ቤት ናቸው፤ እህል አልቀምስ ብለዋል። «ያቺ ልጅ የፋሲካ ሰሞን የሠራችልኝን ሾርባ ባገኝ እቀምስ ነበር ይላሉ» አለችኝ።

አዲስ ድስት ገዛሁ። ዶሮውን እስላም ጎረቤቴ አረደልኝ። አዲስ ቀይ ክር አሰርኩበት። በመኪና የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ድስቱን ጭኔ ላይ አቅፌ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እል ነበር። ሐጂ ከስተው አልጋው ውጧቸዋል። ክሩን በጣታቸው ዳበሱት። በማንኪያ አቀመስኳቸው።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን እንደዚያን ቀኑ አይደለም። የዚያን ቀን ምን ነበር የጨመርሽበት፣ ልጄ?»

ያን ጊዜ ያልጠየቁኝን ጠየቁኝ። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ልጃቸው አጠገቤ ተቀምጣ እያየችኝ፣ «ድንብላል ነው ሐጂ፣ ዛሬ ረስቼው ነው» አልኩ።

«ኢንሻአላህ ለዓርብ አስታውሰሽ አምጪልኛ» አሉ፤ ፈገግም አሉልኝ።

ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ለፊተኛው ልጅነት ነው፣ አዛን ደርሶብኝ ነው እል ነበር። ባለፈው ሳምንት ልጅም አልነበርኩ፣ አዛንም አልደረሰብኝም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው ኮምቦልቻ ተኝተው ሾርባቸውን እየጠበቁ ነው። ነገ ዓርብ ነው። ድንብላሉን ገዝቻለሁ።