ማቆም የማን ሥራ ነበር

የጋለ ቺንጋ ሽታ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሲደርሰኝ ዛሬም እርምጃዬን እገታለሁ። ድሬዳዋ፣ ከቀፊራ ገበያ ጀርባ ወደነበረው ወፍጮ ቤት ይመልሰኛል፤ ጎረቤታችን ጋሽ ዩሱፍም አብረው ይመጣሉ። የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ ሽርጥ አገልድመው የሚሄዱ፣ ጠመኔና ሰንጢ ከኪሳቸው የማይለይ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ማሽላ ልታስፈጭ ይዛኝ ሄደች። ቤቱ ዱቄት በዱቄት ሆኗል። ሞተሩ ከግድግዳው ጀርባ ስለሚያጓራ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነበር። እናቴ ከረጢቷን ልታነሳ ጎንበስ ስትል የነጠላዋን ጫፍ ከሞተሩ መጥቶ መዘውሩን የሚያዞረው የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ያዘው። ነጠላው ክንዷ ላይ ተጠምጥሞ እጇን ወደ መዘውሩ ይስበው ጀመር። ባለወፍጮው አቶ ገረመው ሞተሩን ሊያጠፉ በጓሮ በኩል ዞረው ሮጡ። እኔ ቀሚሷን ይዤ እጎትታለሁ። ተራ ይጠብቁ የነበሩት ጋሽ ዩሱፍ ደርሰው ነጠላውን በሰንጢ ቆረጡት። እናቴ ላዬ ላይ ወደቀች። ሞተሩ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው።

በነጋታው ጋሽ ዩሱፍ እጄን ይዘው ወደዚያው ወሰዱኝ። ደጃፉ ላይ ሽርጣቸውን ጨብጬ ቆምኩ።

«ሞተሩ አዲስ፣ ድንጋዩ አዲስ፤ ምን ዕቃ ጎደለው?» አሉ አቶ ገረመው፣ ጋሽ ዩሱፍ ወፍጮው የጎደለው ነገር አለ ቢሏቸው።

«አቦ ገረመው፣ የጎደለው ዕቃ አይደለም፤ ሥራ ነው» አሏቸው።

ከዚያ ግድግዳው ላይ በጠመኔ መቀበል፣ ማዞር፣ መፍጨት፣ ማውጣት ብለው ጻፉና የትኛው ሥራ ለየትኛው እንደሚያቀብል በመስመር አያያዙ። ቀጥለው «ሰውን መከለል»ን እና «ከበሩ ሆኖ ማቆም»ን ጨመሩ። ከየቃሉ ሥር እንዲጽፉት ያንን ሥራ የሚሠራውን ዕቃ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሥራዎች ሥር ባዶ ቀረ።

«ገመድ ይሁን ዘንግ ኋላ እናስባለን» አሉ። «ሥራውን ሳናስበው ግን ዕቃው ከየት ይመጣል?»

በሳምንቱ ቺንጋው በጣውላ ተከለለ፤ ከበሩ አጠገብም ሲስቡት የሞተሩን ነዳጅ የሚዘጋ ገመድ ተንጠለጠለ።

«አንቺ ሳቢው» አሉኝ ጋሽ ዩሱፍ።

በሁለት እጄ ሳብኩት። ጩኸቱ ሲሞት የቀፊራ ነጋዴዎች ድምፅ ተሰማ።

ጋሽ ዩሱፍ ጡረታ ወጥተው ከከተማው ውጪ ቢዮ አዋሌ ገቡ፤ እዚያው አረፉ። እኔ መሐንዲስ ሆንኩ፤ ያ የጠመኔ ሥዕል በሙያችን «የተግባር አወቃቀር» እንደሚባል የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬም ማሽን ከመምረጤ በፊት ሥራዎቹን ጽፌ በመስመር አያይዛለሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ከአንዱ ቃል ሥር ባዶ ቦታ ካየሁ እስኪሞላ ድረስ ከወንበሬ አልነሳም።