ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» አልኩት

ትናንት ሰበታ ያለችውን እናቴን ሐኪም ቤት ላደርስ ከቡራዩ ስሄድ፣ አንገቱ ላይ ደጋፊ የታሰረለት ጎረምሳ ታክሲው ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ገና ሳየው የራሴ ጉዳት ትዝ አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ የሱሉልታ ሜዳ የታጨደ ሣር የሚሸትበት ጊዜ ነው። ድርቆሽ ከጫንንበት መኪና አናት ላይ ገመድ ስስብ ተበጠሰና በጭንቅላቴ ወረድኩ። ከአንገቴ በታች ያለው ገላዬ የሌላ ሰው ሆነብኝ። ጓደኞቼ አፋፍሰው ወጌሻ ጋ ሊወስዱኝ ሲሉ የድርቆሹ ባለቤት ኦቦ ጉተማ «ማንም እንዳይነካው» ብለው ተቆጡ። የበረታቸውን በር አስነቅለው፣ ቀስ ብለው በሱ ላይ አስተኝተው አዲስ አበባ አደረሱኝ። ነፍሳቸውን ይማር።

ሐኪሞቹ አንገቴን ከፍተው ህብለ ሰረሰሬን የተጫነውን ስብርባሪ አጥንት አወጡ፣ በብረትም አሰሩት። ሲነጋ የሁለቱም እጆቼ ጣቶች ተንቀሳቀሱ። ደስታዬን አትጠይቁኝ።

በሦስተኛው ቀን ግን ግራ እጄ ይደነዝዝ ጀመር። ሐኪሙ በአልጋዬ በኩል ሲያልፍ «እንዴት ዋልክ?» አለኝ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩት። ሰው እንዴት ነህ ሲል ዝርዝር ይተረክለታል እንዴ? እንዲያ አይደለም ያደግነው።

እናቴ ከሰበታ ያመጣችውን አጥሚት በብርጭቆ አስያዘችኝ። ከእጄ አምልጦ አልጋው ላይ ፈሰሰ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጠዋት።»

«ለሐኪሙ ነግረኸዋል?»

«ደህና ነኝ አልኩት።»

«አንተ ሞኝ፣ እሱ ለጎረቤት ነው የሚባለው» ብላ ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ሐኪሙን በጋዋኑ ይዛው መጣች። «ዋሽቶዎት ነው ዶክተር፣ ደህና አይደለም» አለችው። ደም ረግቶ ነርቬን ተጭኖት ኖሯል። ወዲያው መልሰው ቀዶ ጥገና አስገቡኝ። በኋላ ሐኪሙ፣ ትንሽ ብንዘገይ እጅህ አይመለስም ነበር አለኝ። ከዚያ ወራት ሙሉ ሰበታ እናቴ ቤት ግድግዳ እየተደገፍኩ መራመድ ተለማመድኩ። እናቴ ከኋላዬ እየተከተለች በአረማመዴ ትስቅብኝ ነበር፤ እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

ትናንት ሐኪም ቤት ተራችን ደርሶ ገባን። ወጣቷ ሐኪም «እንዴት ነዎት እናቴ?» አለቻት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።»

ይቺው እናቴ! ለሰው መናገር ቀላል ነው፤ ለራስ ሲሆን ነው ጭንቁ።

«ደህና አይደለችም ዶክተር» አልኩ።

እናቴ ገላመጠችኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞራ «እግሬን አይሰማኝም» አለች።

ሐኪሟ በጊዜ መምጣታችንን ነግራን ጫማዋን እንድታወልቅ ጠየቀቻት። ጎንበስ ብዬ ማሰሪያውን እኔ ፈታሁላት። ግራ እጄ አላስቸገረኝም።