የአባባ ኩሬ ድንጋዮች

የባለቤቴ አባት ውሃ አያምኑም ነበር። ጠዋት ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ቆቃ በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ ባለው የዓሣ ኩሬ ዳር ይንበረከካሉ። በመዳፋቸው ጨልፈው ያሸቱና «ዛሬስ ምን ደብቀህብኛል?» ይሉታል።

አንድ ቀን የኩሬውን ድንጋይ በብሩሽ ሊፈትጉ ሲሉ አዳማ የምትማረው ልጄ ከለከለቻቸው።

«አባባ፣ ይተዉት። የዓሣው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆንና ዓሣውን መልሶ ይመርዘዋል። ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው ተቀባብለው ለውጠውት የተክል ምግብ የሚያደርጉት።»

«አይተሻቸዋል?»

«በዓይን አይታዩም።»

«እኔ ሳላይ የማምነው ፈጣሪዬን ብቻ ነው» አሉ። ብሩሹን ግን አስቀመጡት፤ ከዚያ በኋላም አላነሱትም።

ለአርባቸው ተዝካር ግቢውን ስናጸዳ የባለቤቴ እህት በረኪናና ብሩሽ ይዛ ወደ ኩሬው ሄደች።

«ይሄን አረንጓዴ ልጋግ እንግዳ ሲያየው ምን ይላል? አባቴን ልታሰድቢው ነው?»

«ተይው እታለም፣ ካጠብሽው ዓሦቹ ያልቃሉ።»

«ማን አለ?»

«ልጄ ናት ያለችው። አባትሽ እየተጠራጠሩም ቢሆን አልነኩትም።»

በረኪናውንና ብሩሹን አስቀምጣ ተመለሰች። እኔ ግን እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ዓይኔን ከበረኪናው አልነቀልኩም።

በማግስቱ ጸሎቴን አድርሼ ወጣሁ። ኩሬው ዳር የአባባ ጉልበት ያርፍበት የነበረው ቦታ ሣር አልበቀለበትም። እዚያው ተንበርክኬ ውሃውን ጨልፌ አሸተትኩ። በረኪና በረኪና አይልም። ዓሦቹም እንደ እሳቸው ጊዜ ወደ እጄ መጡ።

ተመስገን አልኩ። ነገም ግን አሸተዋለሁ።