የሪያዱ ጃፓናዊ ኳስ ወርዋሪ እና እህቴ ሐዋ

ከከሚሴ የተነሳሁት ሰኞ ማለዳ ነው። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ብቻ ነበር፤ እህቴን ሐዋን ከካርቱም ይዤ መመለስ። ሐዋ እዚያው ካርቱም ሪያድ በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር አንድ ጃፓናዊ ቤት ተቀጥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከእሷ አጠገብ ባለው ግቢ ትሠራ የነበረችው የጎረቤታችን ልጅ ፋጡማ በቅርቡ ተመልሳ መጣችና እናቴ ፊት ተቀምጣ እንዲህ አለች፦

«በአጥር ላይ በዓይኔ አይቻለሁ። ከአስር ሰዓት በኋላ ግድግዳ ሥር ያስቀምጣታል፤ ድንጋይ የሚያህል ነገር ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውርባታል። አንድ ቀን እንዲያውም ዓይኗ አብጦ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ እናቴ እህል አልበላ አላት። ስልክ ስንደውል ሐዋ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር ሌላ አትናገርም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራን።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ጉልበተኛ አይደለሁም። ያን ሰኞ ግን ጃፓን ድረስ ሄጄ የምደባደብ ይመስለኝ ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ አንድ ቅያሪ ልብስ፣ ዳቦ ቆሎና መርፌና ክር የያዘች ቆርቆሮ ነበሩ። መርፌዎቹን ለጠብ እንዳልያዝኳቸው ግልጽ ነው፤ ያለእነሱ ከቤት ወጥቼ ስለማላውቅ ነው።

ከወልድያ እስከ ገዳሪፍ

ወልድያ አደርኩ፤ ጎንደር አደርኩ። ከጎንደር ወደ መተማ ያለው መንገድ ጠጠር ስለነበር ከመኪናው ስንወርድ ሁላችንም በአቧራ አንድ መልክ ሆነን ነበር። ገላባት በኩል ያለው የሱዳን ፖሊስ ወረቀቴን እያገላበጠ ምን ልሠራ እንደመጣሁ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«እህቴን ልወስድ ነው» አልኩ።

ቀና ብሎ ፊቴን አየና ሌላ ሳይጠይቅ ማህተሙን መታልኝ።

ከገዳሪፍ ወዲያ አገሩ እንደ ተተኮሰ ጨርቅ ለጥ ያለ ነው። ዓይን እስኪሰለቸው ድረስ ማሽላና ሰሊጥ ብቻ። ማሽላውን ሳይ ሐዋ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሳለች ማማ ላይ ወጥታ ማሳችንን ከዝንጀሮ ትጠብቅ ነበር፤ የወረወረችው ድንጋይ ስቶ አያውቅም። ዝንጀሮዎቹ እሷን ካዩ ወደ ጎረቤት ማሳ ነበር የሚሄዱት። ያቺ ልጅ ዝም ብላ ስትደበደብ ሊታየኝ አልቻለም። አውቶቡሱ ውስጥ ሻሼን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ።

ሳጃና

ዓርብ ቀትር ላይ ካርቱም ገባሁ። የአገሬ ሰዎች ወደሚበዙበት ወደ ሳጃና በሚኒባስ ሄጄ አንዲት የባቲ ሴት ሻይ ቤት አረፍኩ። ዘምዘም ትባላለች፤ ካርቱም ከገባች ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው። የሰሊጥ ዘይት የፈሰሰበት ፉል ስታቀርብልኝ ስለ ሐዋ ጠየቅኳት።

«ኸዋጃው ዘንድ፣ ፈረንጁ ቤት ያለችዋን ሐዋን ነው? አውቃታለሁ እንጂ! ጁምዓ ጁምዓ እዚሁ ነች። ዛሬ ግን አልመጣችም» አለች።

ፉሉን ገፋ አደረግኩት።

«አይዞህ ወንድሜ፣ ኢንሻአላህ ደህና ናት። ያላ ተነስ፣ ሪክሻ ልጥራልህ።»

ሪያድ

ሪክሻው፣ እኛ ባጃጅ የምንለው፣ በረጃጅም አጥሮች መካከል ይዞኝ ገባ። ፋጡማ የነገረችን ባለአረንጓዴ በሩ ግቢ ጋ ስንደርስ ከውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ትንሽ ዝም አለና እንደገና «ጧ!» አለ። በሩን ገፍቼ ገባሁ። በግቢው አንድ ጫፍ ሽበታም ረጅም ሰው ቆሟል፤ በሌላው ጫፍ እህቴ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ሰውየው እግሩን አንስቶ እጁን ወደ ኋላ ሲስብ ጮኼ መሃላቸው ገባሁ።

«ወንድም ጋሼ!» አለች ሐዋ ብድግ ብላ። «ከየት መጣህ? ምን ሆነሃል?»

«ይህ አረመኔ...»

«ማን? ሚስተር ኬንጂ? ኸላስ፣ ተረጋጋ! ኳስ እኮ ነው የምቀልበው» አለችና ትልቅ የቆዳ ጓንት ያጠለቀ እጇን አሳየችኝ።

«ዓይንሽስ?»

«ጓንቱን ዝቅ አድርጌ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ አንድ ሳምንት ሙሉ ይቅርታ ሲለምነኝ ከረመ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪንም?»

«ምን ብዬ? ከኸዋጃ ጋር ኳስ እቀልባለሁ ልበል? እማዬ አበደች ትለኛለች።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ደስታዬ ይሁን እፍረቴ እንጃ፤ ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ።

ሻይ ቀርቦ ሰውየው በተሰባበረ አረብኛ ሲናገር ሐዋ ተረጎመችልኝ። አሁን የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ ድሮ ግን በአገሩ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ እየተጫወተ ደመወዝ የሚበላ ኳስ ወርዋሪ ነበር። በዱላ ሊመታ ለሚጠብቀው ሰው ይወረውራል፤ ከመቺው ጀርባ የተቀመጠው ጓደኛው ይቀልባል። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ትልቅ ቡድን ገብቶ ስታዲየም ሙሉ ሰው ስሙን ይጠራ ነበር። በሰባተኛው ዓመት በአንድ ውርወራ ትከሻው ተበጠሰ። ሐኪሞች ሁለት ጊዜ ቀደዱት፤ ከዚያ በኋላ ወደ ታችኛው ቡድን ወርዶ እዚያው ቀረ። ጨዋታውን ትቶ የወጣ ዕለት ኳሶቹን ሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው።

ካርቱም መጥቶ ብቸኝነት ሲያስቸግረው ሳጥኑን ከፈተና ከግድግዳ ጋር መጫወት ጀመረ። አንድ ቀን የነጠረ ኳስ የልብስ ማስጫው ሥር ሲገባ ሐዋ አንስታ ወረወረችለት። ኳሱ ቀጥ ብሎ እጁ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ጓንቱን ሰጣት።

«ይህ ውርወራው የድሮው ግማሽ ነው» አለች ሐዋ። «ግን ትከሻው አያመውም። ቀስ እያልን ነው።»

ሐዋ ሳጃና ያልሄደችውም የጓንቱ ጠፍር ተበጥሶ ሁለቱም ሲቋጥሩት ስለዋሉ ነበር። ቋጠሮው ያሳፍራል። ቆርቆሮዬን አወጣሁና ፈትቼ፣ ክሩን በሰም አሽቼ ደርቤ ሰፋሁት። ለጩኸቴና ለስድቤ በአፌ ይቅርታ ለመጠየቅ ቋንቋ አልነበረኝም። ሚስተር ኬንጂ ስፌቱን በጣቱ ዳሰሰና ወገቡን ሰብሮ እጅ ነሳኝ።

«እንሂድ ካልክ እሄዳለሁ» አለችኝ ሐዋ ለብቻችን ስንሆን።

ደስ ብሏት እንደምትኖር ዓይኗ ይናገር ነበር። «እማዬን እኔ አስረዳታለሁ» አልኳት። ሰውየው አንድ አሮጌ ኳስ ሰጠኝ።

ከሚሴ

እናቴ በር ላይ ቆማ ከኋላዬ ሰው ፈለገች። ብቻዬን መሆኔን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ቶሎ ብዬ ኳሱን እጇ ላይ አኖርኩና ሁሉንም ነገርኳት። ፋጡማ አልዋሸችም፤ ኳሱ ሲሄድ አይታለች። ሲመለስ ግን አላየችም። እኔም ይህን ለማወቅ አምስት ቀን መንገድ ሄድኩ።

እናቴ ኳሱን በመዳፏ መዘነችው፤ ቀዩን ስፌት በጥፍሯ ፈተሸችው።

«እሷም መልሳ ትወረውርበታለች?»

«ባለ በሌለ ኃይሏ።»

«እኔን!» አለች እናቴ፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሳቋ ፈነዳ። «ምስኪን ሰውዬ! በታመመ ትከሻው የኛን ሐዋን አገኘ!»

ከዚያ ኳሱን ጭኗ ላይ አድርጋ ምሳ እንዲቀርብላት ጠየቀች።