ከጉልበት በኋላ ምን ነበር?

የምነግርሽን ጻፊልኝ ልጄ፤ ዛሬ ጠዋት እንሰት ስፍቅ ነበር። መቼም አንድ እግርሽን ሳንቃው ላይ ሰቅለሽ ነው የሚፋቀው። ስጨርስ ብድግ አልኩና ወገቤን ያዘኝ። እንደጎበጥኩ ቀረሁ። ታላቅ እህቴ ብትኖር "ምን አስቸኮለሽ?" ትለኝ ነበር። እሷን ከቀበርናት አርባዋም ወጥቷል።

እሷ አንዱን እንሰት ፍቃ በጨረሰች ቁጥር፣ እዚያው ቁጭ እንዳለች መጀመሪያ የእግሯን ጣቶች ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ ቁርጭምጭሚቷን ታዞራለች። ከዚያ ጉልበቷን በእጇ ይዛ ቀስ አድርጋ ትዘረጋዋለች። "እግርሽን ሳትቀሰቅሺ አትነሺ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "አንቺ ሴትዮ፣ እስክትቀሰቅሺው የቦንጋ ገበያ ሊበተን ነው!" እያልኩ እጮህባታለሁ። እሷ እቴ! ዓይኗን ጨፍና ትተነፍሳለች። ወገቤን ሳትል ነው የሞተችው።

ዛሬ እንደ እሷ ልሞክር ብዬ መልሼ ቁጭ አልኩ። ጣት፣ ቁርጭምጭሚት፣ ጉልበት። ከጉልበት በኋላስ? ወገቧን በምን ነበር የምታፍታታው? ጠፋኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት አጠገቧ ተቀምጬ አንድ ቀን ዞር ብዬ እስከ መጨረሻው አላየኋትም! ጻፊ፣ ተናዳለች ብለሽ ጻፊ። ሳንቃዋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፣ እሱ አይነግረኝ።

ባለሱቋ ጎረቤታችንን በአጥሩ ጠራኋት። "አንቺ፣ እህቴ ከጉልበቷ ቀጥላ ምን ታደርግ ነበር? ሰምተሽ አታውቂም?"

"እኔ ምን አውቄ፣ እማማ" አለችኝ። "በአጥሩ የሚሰማኝ የእርስዎ ጩኸት ብቻ ነበር።"